ዓይን የማያየው ጠላት

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ አገር ጠላቱን የማይፈራ ሰው ጀግና ይባላል። ጀግናም በጥንት ዘመን ጋሻና ጦር፥ ኋላም ጠመንጃ ይይዝ ነበር። ነገር ግን በዓይን የማይታይ ጠላት አለ፤ እርሱም በጥይት አይመታም።

ቅዱስ ጳውሎስ ስለዚህ ጠላት ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 6 ያስተምራል። መልእክቱን ሲጽፍ እስረኛ ነበረ። የክርስቲያን ጠላት ሰው እንዳይደለ ከተናገረ በኋላ፥ የጦር ዕቃውን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ወገብ የሚታጠቀው እውነት ነው፤ የደረቱ ጥሩር ጽድቅ ነው፤ ጫማው የሰላም ወንጌል ነው፤ ጋሻው እምነት፥ የራስ ቁሩ መዳን፥ ሰይፉም የእግዚአብሔር ቃል ነው። ከእነዚህ ሁሉ የሚወጋው ሰይፉ ብቻ ነው። ወዲያውም ነቅቶ መጸለይን ያዛል፤ የታጠቀ ወታደር እንቅልፍ ከወሰደው ትጥቁ አይጠቅመውምና።

በጋይንት ቤተ ልሔም የሚባል ጥንታዊ ደብር አለ። በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረውን የቅዱስ ያሬድን ድጓ ሊማሩ ደቀ መዛሙርት ከሩቅ አገር ወደዚያ ይሄዳሉ። የቆሎ ተማሪ ለምዱን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ በማርያም ስም ይለምናል። ውሻ ቢመጣበት በዱላው ይመልሰዋል። ራብና የሌሊት እንቅልፍ ግን፥ ይልቁንም ዜማውን ቀድሞ ባወቀው ጓደኛው ላይ የሚነሣበት ቅናት፥ በዱላ አይመለሱም። ቤተ ክርስቲያን ሰባት የጸሎት ጊዜያትን የሠራችው ስለዚህ ነው፤ ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት እንደ ዘበኛ ተራ ናቸው።

ከሁሉ የሚከብደው ውጊያ ግን ደም የተቃቡ ሰዎች ውጊያ ነው። ወንድሙ የተገደለበት ሰው ደም እንዲመልስ ዘመዶቹ ይጠብቁታል፤ ዝም ቢል ፈሪ ይሉታል። ቢበቀል ደግሞ የሟቹ ልጅ በተራው ጠመንጃ ያነሣል፤ እንዲህ ሲሆን ሁለት ቤት ይጠፋል።

ይህም ሰው ጠዋትና ማታ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማል። በዚያ ጸሎት ውስጥ፥ እርሱ የበደሉትን ይቅር እንደሚል፥ እግዚአብሔርም እርሱን ይቅር እንዲለው ይለምናል። ጠመንጃውን ወልውሎ አስቀምጦ ይህን የሚል ሰው በራሱ ላይ መፍረዱ ነው። ብዙ ሰው ያችን ቃል ፈጥኖ ያልፋታል፤ ልማድ ምላስን ያፈጥናልና። ዝግ ብሎ የሚላት ግን ውጊያው ከዚያ ይጀመርበታል። ሊወጋው የሚገባው ገዳዩን ሳይሆን፥ በገዛ ልቡ የተቀመጠውን ቂም እንደ ሆነ ያያል። ይህን ጠላት ለማሸነፍ ከመግደል የበለጠ ድፍረት ያስፈልጋል፤ የዘመዶቹን ስድብ ችሎ በእምነት መቆም አለበትና።

ሽማግሌዎችና ካህናት ለዕርቅ የሚመጡት ይህን አውቀው ነው። የመንግሥት ፍርድ ለብቻው ነው። በዳዩ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይቀርባል፤ ካህኑም መስቀሉን ይዞ በመካከል ይቆማል። የሟቹ ወንድም አንድ ጊዜ እንቢ ይላል፤ ሁለተኛም እንቢ ይላል። ሽማግሌዎቹ ሳይቈጡ ተመልሰው ይመጣሉ። አንድ ቀንም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላል፤ መስቀሉንም ይሳለማል። ያን ጊዜ ድንጋዩን ከበዳዩ ጫንቃ ያወርዱለታል።