ሰሊጥ ለአዋቂም አለርጂ ይሆናል፤ ምርመራው ከጥያቄ ይጀምራል

ከተረኛነት ወጥቼ ሳልተኛ ነው የምጽፈው። ጾም በገባ ቁጥር ላሊበላ ላይ የማየው ነገር ዛሬም መጣ። አንዲት እናት የጾሙን ሰሊጥ ፍትፍት በልተው ብዙም ሳይቆዩ ከንፈራቸው አበጠ፣ ሰውነታቸው በሽፍታ ተሸፈነ፣ ድምፃቸው ታፈነ፣ አስመለሳቸው። ቤተሰብ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ ቀብቷቸዋል። ካርዳቸውን ሳገላብጥ ያለፈው ሕመማቸው አንዴ «ጨጓራ»፣ አንዴ «የምግብ መመረዝ» ተብሏል። ምን እንደበሉ የጻፈ ግን የለም።

«የአገር ምግብ አለርጂ አያመጣም፣ ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው» እያላችሁ የምታሠራጩ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ። አሜሪካ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ሕግ ሰሊጥን ዘጠነኛው ዋና የምግብ አለርጂ አምጪ ብላለች፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ በታሸገ ምግብ ላይ ስሙ መጻፍ ግዴታ ነው። አውሮፓ ከዚያ በፊት ነው የጀመረው። ሰሊጡን ወደ ውጭ የምንልከው ደግሞ እኛ ነን። የእኛ የላስታ ወጣት ለሰሊጥ አረምና አጨዳ መተማና ሁመራ ይወርዳል፤ ደጋችን ባያበቅለውም የቅዳሜ ገበያችን አያጣውም። «ዕድሜዬን ሙሉ ስበላው ኖሬ?» የሚለውም አያድንም። በአዋቂነት የሚጀምር የምግብ አለርጂ አለ።

ለሥራ ባልደረቦቼ፣ በቅደም ተከተል፦

1. ሰዓቱን ጠይቁ። መቼ ተበላ? መቼ ጀመረ? አብዛኛውን ጊዜ ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። በማግስቱ የመጣ የሆድ ቁርጠት ብቻውን ይሄ አለርጂ አይደለም። ከዚህ በፊት ሰሊጥ ሲበሉ ተመሳሳይ ነገር ደርሶ እንደሆነም ጠይቁ።

2. አሠራሩን ጠይቁ። ያልተወቀጠ የሰሊጥ ፍሬ ሳይፈጭ በሆድ ሊያልፍ ይችላል፤ ተቆልቶ ሲወቀጥ ግን ፕሮቲኑ ይወጣል። ስለዚህ «ዳቦ ላይ የተነሰነሰውን በልቼ ምንም አልሆንኩም» ማለት ነፃ አያወጣም። ያልተጣራ የሰሊጥ ዘይትም ፕሮቲን ይይዛል። ኑግ፣ ሱፍና ተልባ ሌላ ተክል ናቸው፤ ግን ሙቀጫው ወይም መጭመቂያው አንድ ከሆነ ሰሊጥ ሊቀላቀል ይችላል። በዚያ ቀን ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ወስደው እንደሆነ፣ በልተው አሸተን ማርያምን የመሰለ ዳገት ወጥተው እንደሆነም ጠይቁ። እነዚህ ሕመሙን ሊያባብሱት ይችላሉ።

3. የላቦራቶሪ ወረቀት። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል።

ሰው በግ ሸጦ፣ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ፣ «የምግብ አለርጂ ፓኔል» የሚል ረጅም ዝርዝር ይዞ ይመጣል። ስንዴ ተከልክሏል፣ ባቄላ ተከልክሏል፣ እንቁላል ተከልክሏል። ለላስታ ገበሬ ከዚህ በኋላ ምን ቀረለት? ወረቀቱን ሳነበው የተለካው አይ-ጂ-ጂ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ነው። አይ-ጂ-ጂ ሰውዬው ያንን ምግብ ይበላ እንደነበር ነው የሚያሳየው፤ አለርጂ እንዳለበት አያሳይም። ይህን እንደ ምርመራ መሸጥ ድሃ መዝረፍ ነው።

ትክክለኛው መለኪያ አይ-ጂ-ኢ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ነው። እሱም ቢሆን ታሪክ ከሌለው አይፈርድም፤ ደሙ ሰሊጥን «ያውቃል» ማለት ሰውየው ይታመማል ማለት አይደለም። ሴስ አይ 1 ለሚባለው የሰሊጥ ፕሮቲን ያለው አይ-ጂ-ኢ ለብቻው ሲለካ የተሻለ ይለያል፤ እሱንም ከታሪኩ ጋር አንብቡት።

ተቃራኒውም ያሳዝነኛል። በቆዳ ላይ የሚደረገው የአለርጂ ምርመራ «ኔጋቲቭ» ስለሆነ «ብዪ፣ ምንም የለብሽም» ይባላል። አንዳንዶቹ የሰሊጥ ፕሮቲኖች፣ ኦሊዮሲን የሚባሉት፣ ከቅባቱ ጋር የተጣበቁ ናቸው፤ በውኃ የተዘጋጀው የፋብሪካ ናሙና ውስጥ አይገኙ ይሆናል። ታሪኩ ጠንካራ ከሆነ ምርመራው በተፈጨ ሰሊጥ መደገም አለበት፤ የአለርጂ መድኃኒት ለአንድ ሳምንት ያህል ቆሞ፣ አድሬናሊን አጠገብ ተቀምጦ። ጥርጣሬው ካልጠራ የመጨረሻው ዳኛ ሆስፒታል ውስጥ፣ ሐኪም እያየ፣ ከትንሽ መጠን ጀምሮ ማብላት ነው። ቤታችሁ እንዳትሞክሩት።

ሌላው፣ ከዚህ ዝርዝር ውጭ ያለው፣ ሕክምናው ነው። በአለርጂ ትንፋሽ ያጠረው ወይም የደም ግፊቱ የወረደ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ሃይድሮኮርቲሶን ፍለጋ መሮጥ ይቁም። መጀመሪያ አድሬናሊን ነው፦ ለአዋቂ ግማሽ ሚሊግራም፣ ጭን ጡንቻ ላይ፣ በውጭ በኩል። ካልተሻለው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ሌላው መድኃኒት ከዚያ በኋላ ይምጣ።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ወደዚህ ከገባ በኋላ በሰሜን ወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ፈርሰዋል። ይህን አውቃለሁ፣ አብሬ ነው ያየሁት። ነገር ግን «ምን በሉ?» ብሎ መጠየቅ መሣሪያ አይፈልግም። ካርድ ላይ የምግቡን ስም መጻፍ በጀት አያስጠይቅም። የአበል ስልጠና በየወሩ ይጠራል፤ ለድንገተኛ ክፍል የሚበቃ የአድሬናሊን አምፑል ስንጠይቅ ግን «በሂደት ላይ ነው» ይሉናል። ሂደቱ የማን ሞት እስኪመጣ ነው የሚጠብቀው?

ታካሚዎች፦ ጠርጥራችሁ ከሆነ የበላችሁትን፣ ሰዓቱን፣ ያበጠውን ጻፉ፤ ፎቶ አንሡ፤ ይዛችሁ ኑ። እስኪጣራ ሰሊጥ አትንኩ፤ ሌላውን ምግብ ግን በራሳችሁ ውሳኔ አትተዉ። የሥራ ባልደረቦቼ፦ ድንገተኛ ክፍላችሁ አድሬናሊን ከሌለው ነገ ጠዋት ከሁሉ በፊት የምትጠይቁት እሱን ይሁን፤ በጽሑፍ፣ በፊርማ፣ ቅጂ አስቀርታችሁ።