የጢም መላጫ ክሬምን አድርቆ ጠጣር ሳሙና ስለ ማድረግ

በቱቦ የሚሸጠው የጢም መላጫ ክሬም በውኃና በግሊሰሪን የለሰለሰ ሳሙና ነው። ስለዚህ በዝርግ ሳሕን ላይ በስሱ ተቀብቶ፣ አቧራ እንዳይነካው በንጹሕ ሻሽ ተሸፍኖ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ቢቀመጥ ውኃው ቀስ በቀስ ይተንና ይጠጥራል። ግሊሰሪን እርጥበት ስለሚስብ እንደ ልብስ ሳሙና አይደርቅም፤ በጣት ሲጫኑት ካልሰረጎደ ይበቃል። በታመቀ ጋዝ የተሞላው የአረፋ ቆርቆሮ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ወደ እሳትም ፈጽሞ አይቅረብ፤ ይፈነዳልና።

ከቁጠባው ይልቅ የሚያሳስበን ሌላ ነው። ከቱቦ የወጣ ክሬም ለአንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል፤ በደረቀው ሳሙና ላይ ግን ቡሩሹ በየቀኑ ይመላለሳል። ምላጭ የቆረጠውን ቆዳ የነካ ቡሩሽ ደም ወደ ሳሙናው ሊያደርስ ይችላል። ጉበትን የሚያሳምመው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ኃይሉን ሳያጣ ስለሚቆይ፣ አባትና ልጅ እንኳ ቢሆኑ ሳሙናውን፣ ቡሩሹንና ይልቁንም ምላጩን በየግላቸው መያዝ ይገባቸዋል። ከተላጩም በኋላ ከሳሕኑ ውኃውን አንጠፍጥፎ፣ ቡሩሹን አራግፎ ማድረቅ ነው።