ለመጀመሪያ አጥርዎ ሕያው ተክል ይምረጡ

ማሳዎን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያጥሩ ከሆነ ገንዘብዎን ሁሉ በባሕር ዛፍ ቋሚ ላይ አያውጡ። መድኃኒት ያልተቀባ እንጨት ቶሎ የሚበሰብሰው ከአፈር ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ እርጥበት፣ አየርና ምስጥ አንድ ላይ የሚያገኙት እዚያ ነውና። ላዩ ጤነኛ የሚመስለው ቋሚ በሬ ሲታከከው ከሥሩ ይሰበራል። ቅንጭብ ግን ሥር ስለሚሰድ በየዓመቱ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ወተቱ ስለሚያቃጥልም ከብት አይደፍረውም። አተካከሉም ቀላል ነው፦ ቅርንጫፉን ቆርጠው፣ የተቆረጠው ጫፍ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ጥላ ሥር አቆይተው፣ ዝናብ ሲጀምር በስንዝር ርቀት ይትከሉት።

«እስኪያድግስ ማሳውን ምን ይጠብቀዋል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ ተክሉን ከደረቅ እሾህ ጋር ማጣመር ነው፤ ከውጭ በኩል የግራር እሾህ ይከምሩ፣ እሾሁ እስኪያረጅ ተክሉ ይደርሳል። «መሬት ይሻማል» ለሚሉም፣ በየዓመቱ ከተከረከመ ጥላው ሰብሉን አይጫነውም። ከሁሉ የከበደው ስጋት ወተቱ ዓይን መጉዳቱ ነው። ስለዚህ ሲቆርጡ መነጽር ያድርጉ፤ ልጆች በሚጫወቱበት በኩል ደግሞ በቅንጭብ ፋንታ ግራዋ ይትከሉ። ከሁሉ በፊት ግን ወሰኑን ከጎረቤትዎ ጋር አብረው ይለኩ፤ ሥር የሰደደ አጥር እንደ ቋሚ እንጨት ተነቅሎ አይዛወርም።