ስለ ጥርስ ልባስ አሠራር

በሰውም ሆነ በሌሎች አጥቢ እንስሳት ጥርስን የሚሸፍነው ነጭ ልባስ ኢናሜል ይባላል። በሰው አካል ከሚገኘው ሁሉ ጠንካራው እርሱ ሲሆን፥ ከ100 እጅ ክብደቱ 96 ያህሉ ካልሲየምና ፎስፌት ያለበት ማዕድን ነው።

ይህም የሚሠራው ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ ሳለ ነው። አስቀድሞ አሜሎብላስት የተባሉት ሕዋሳት ለስላሳ የፕሮቲን መደብ ያነጥፋሉ፤ ከዚያም ፕሮቲኑ ጥቂት በጥቂት ሲወገድ ማዕድኑ ቦታውን ይይዛል። ጥርሱ ሲበቅል ግን እነዚህ ሕዋሳት ይጠፋሉ፤ ስለዚህ የተጐዳ ኢናሜል እንደ ዐጥንት ተመልሶ አይገጥምም።

የቋሚ ጥርሶች ልባስ ከልደት ገደማ ተጀምሮ፥ ከመጨረሻዎቹ መንጋጋዎች በቀር፥ እስከ 8 ዓመት ያልቃል። በነዚህ ዓመታት ሕፃኑ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ቢጠጣ የፕሮቲኑ መወገድ ይዘገያል፤ ጥርሱም ዝንጕርጕር ሆኖ ይወጣል፤ ሲብስም ይቦረቦራል፥ ቡናማ ቀለምም ይይዛል።

በአገራችን ስምጥ ሸለቆ የብዙ ጥልቅ ጉድጓዶች ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው፥ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም፥ በላይ ፍሎራይድ አለበት። ውሃን ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም። እንግዲህ በዚያ የምትኖሩ ወላጆች ሆይ፥ ውሃችሁን አስመርምሩ፤ ፍሎራይዱ በዝቶ ከተገኘም ለሕፃናት መጠጥና ምግብ ማብሰያ በንጽሕና የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ለይታችሁ እንድታኖሩ አጥብቀን እናሳስባለን።