ሦስት ስም የወረሰች ዘበኛ መርከብ

በቤተሰብ ገጽ ላይ ስለ ጦር መርከብ መጻፋችን እንግዳ ነገር መስሎ የሚታያቸው አንባቢዎች ሳይኖሩ አይቀሩም። ነገር ግን የዚህችን መርከብ ታሪክ እስከ መጨረሻው የተከታተለ ሰው፤ ነገሩ የመድፍና የብረት ብቻ ሳይሆን የእናትና የልጅ፤ የቤትና የስደት ነገር መሆኑን ይረዳዋል። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው።

መርከቢቱ በአሜሪካ አገር፤ በቴክሳስ ግዛት፤ ሂዩስተን በተባለው ከተማ ተሠርታ በ1943 ዓ.ም. ሥራዋን ጀመረች። ስሟም «ካምፕ» ተባለ። ይህም በ1942 ዓ.ም. በሚድዌይ ጦርነት ጊዜ የሞተው የወጣቱ መኰንን የጃክ ሂል ካምፕ መታሰቢያ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንደሚባለው፤ ልጁ ቢሞት ስሙ በባሕር ላይ መመላለሱን ቀጠለ። ርዝመቷ 93 ሜትር ያህል፤ መርከበኞቿም 200 ያህል ነበሩ። የመጀመሪያ ተግባሯ የንግድ መርከቦችን እያጀበች ከጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች መጠበቅ ነበረ። ጦርነቱም ካለቀ በኋላ በ1946 ዓ.ም. ከሥራ ወጥታ በወደብ ታሰረች።

ዕድሜዋ ግን በዚያ አላበቃም። ራዳር የተባለው መሣሪያ የማይታይ ሞገድ ወደ ሰማይ ይልካል፤ ሞገዱም አይሮፕላን ባገኘ ጊዜ ተመትቶ ይመለሳል፤ ደርሶ እስኪመለስ የፈጀው ጊዜ ሲለካ የአይሮፕላኑ ርቀት ይታወቃል። ይሁን እንጂ ሞገዱ በቀጥታ ስለሚጓዝና ምድርም ክብ ስለ ሆነች፤ ዝቅ ብሎ የሚበር አይሮፕላን ከሩቅ አይታይም። ስለዚህ ራዳር የያዙ መርከቦችን ወደ ፊት አስቀድሞ ማቆም ግድ ሆነ። በ1945 ዓ.ም. በኦኪናዋ ደሴት ዙሪያ እንደዚህ የቆሙት ዘበኞች፤ ራሳቸውን ከነአይሮፕላናቸው የሚወረውሩትን ጃፓኖች አስቀድመው እያዩ ለሌላው ሠራዊት ያስታውቁ ነበር። ከሁሉ በፊት የሚመቱትም እነርሱ ነበሩ።

በኋላም አሜሪካና ሶቭየት ኅብረት በጠላትነት ሲተያዩ፤ ካምፕ ተለውጣ ትላልቅ የራዳር መሣሪያዎች ተተከሉባት፤ በ1956 ዓ.ም. እንደ ገና ሥራ ጀመረች። እርሷን የመሰሉት መርከቦች ለዚህ የተመረጡት ሞተራቸው በናፍጣ የሚሠራና ቍጠባ ያለው ስለ ሆነ፤ ነዳጅ ሳይጨምሩ ሩቅ ለመሄድና ብዙ ቀን ለመቆየት ስለሚችሉ ነው። መርከበኞቹ በሰሜን አትላንቲክ ብርድና ማዕበል ውስጥ እየተንገላቱ፤ ይመጣል የተባለውን አይሮፕላን ይጠብቁ ነበር። የጠበቁት ጦር ግን አልመጣም። በ1965 ዓ.ም. ያ የአትላንቲክ ጥበቃ ቀረ።

ካምፕም ወደ ቬትናም ባሕር ተልካ በጀልባ በስውር የሚገባውን መሣሪያ ከሚፈትሹት መርከቦች አንዷ ሆነች። በ1971 ዓ.ም. አሜሪካኖች ለደቡብ ቬትናም መንግሥት ባስረከቧት ጊዜ፤ በ13ኛው መቶ ዓመት ሞንጎሎችን ድል ባደረገው የጦር አለቃ ስም «ትራን ሁንግ ዳኦ» ተባለች።

በአፕሪል 1975 ዓ.ም. ሳይጎን ስትወድቅ፤ ከ30 የሚበልጡ የደቡብ ቬትናም መርከቦች ወደ ፊሊፒንስ ጕዞ ጀመሩ። ትራን ሁንግ ዳኦም ከነርሱ መካከል ነበረች። በመርከቦቹ ላይ የነበሩት ስደተኞች ከ30000 ይበልጡ ነበር፤ የመርከበኞቹ ሚስቶችና ልጆች፤ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ከመድፉ አጠገብ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ነገር ግን የፊሊፒንስ መንግሥት የወደቀውን መንግሥት ሰንደቅ ዓላማ የያዘ መርከብ ወደ ወደቡ አላስገባም አለ። በሜይ 7 ቀን መርከበኞቹ መዝሙራቸውን እየዘመሩና እያለቀሱ ሰንደቅ ዓላማቸውን አወረዱ፤ በምትኩም የአሜሪካ ተሰቀለ። ለልጆቻቸው መጠጊያ ለማግኘት ሲሉ የአገራቸውን ምልክት በገዛ እጃቸው አጠፉ። ከዚህ የሚከብድ ትእዛዝ ለወታደር ይኖራል ብለን አናስብም።

መርከቢቱ ከዚያ በኋላ ለፊሊፒንስ ተሰጥታ፤ በ16ኛው መቶ ዓመት ቶንዶ የተባለውን አገር ይገዛ በነበረው ንጉሥ ስም «ራጃ ላካንዱላ» ተብላ እስከ 1988 ዓ.ም. በባሕር ኃይሉ ውስጥ አገለገለች።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። «ኢትዮጵያ» የተባለችው የባሕር ኃይላችን ማሠልጠኛ መርከብም በዚያው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በአሜሪካ የተሠራች ስትሆን፤ በ1962 ዓ.ም. ወደ እኛ መጣች፤ በ1991 ዓ.ም. መርከበኞቿን ይዛ ወደ የመን ሸሸች፤ ወደ አገሯም ሳትመለስ በ1993 ዓ.ም. ለብረታ ብረት ተሸጠች።

ካምፕ ጠላትን ከሩቅ እንድታይ ብዙ ገንዘብ ወጣባት፤ ለብዙ ዓመትም ባዶ ሰማይ ስትመለከት ኖረች። በችግር ቀን ያስፈለገችው ግን ሕፃን ያቀፈች እናት የምትቀመጥበት ስፍራ ስላላት ነበረ። እንግዲህ ወላጆች ለልጆቻችሁ የጦርን ታሪክ በነገራችሁ ጊዜ፤ ስለ ተኰሰው መድፍ ብቻ ሳይሆን፤ መርከቢቱ ማንን ይዛ እንደ ተሻገረችም ጨምራችሁ እንድትነግሯቸው እናሳስባለን።