ቤትን በ23 ኪሎ መሸከፍ፦ ኑሮውን ወደ ውጭ ለማዛወር አገር ቤት የሚመለስ ሰው ምን ማወቅ ይኖርበታል?

ከአፍሪካ ቀንድና ከምሥራቅ አፍሪካ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ኑሮውን በአንድ ጉዞ አያዛውርም። መጀመሪያ ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ከቤተሰብ ጋር ለመቀላቀል በአንድ ሻንጣ ይወጣል። የመኖሪያ ፈቃዱ ከጸና፣ ማረፊያ ካገኘ በኋላ ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት ተመልሶ የተወውን ይሰበስባል። የኪራይ ቤቱን ያስረክባል፣ የወላጆቹን ቤት ያስተካክላል፣ የሚወሰደውን ከሚቀረው ይለያል።

በዚህ ጉዞ ቀኑ አስቀድሞ የተቆረጠ ነው። በአንድ ወገን የሃያና የሠላሳ ዓመት ኑሮ የሞላው ቤት፣ በሌላ ወገን አየር መንገዱ የፈቀደው አንድ ወይም ሁለት ሻንጣ ይጠብቃል። በመካከሉ የሁለት አገሮች ሕግ ይቆማል፤ አንዱ የማያስወጣው፣ ሌላው የማያስገባው አለ። በጥድፊያ የሚፈጸም ስሕተት ዋጋው ለተጨማሪ ኪሎ ከሚከፈለው ይበልጣል። ከአባት የተወረሰ የብራና መጽሐፍ በጉምሩክ ሊያዝ፣ የዓመታት የትምህርት ማስረጃ ተቀባይነት ሊያጣ፣ አንዳንዴም የመኖሪያ ፈቃዱ ራሱ ጥያቄ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል።

መመለሱ ራሱ ችግር ያመጣ ይሆን?

ከሻንጣው በፊት መታየት ያለበት ይህ ጥያቄ ነው። እአአ የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት፣ ስደተኛው በፈቃዱ የአገሩን መንግሥት ጥበቃ መልሶ ከተጠቀመ ወይም ጥሎት በወጣው አገር ዳግም ከተቋቋመ ከለላው ሊቋረጥ እንደሚችል ይደነግጋል። አጭር ጉብኝት ሁሉ ከለላን ያስቀራል ማለት አይደለም። ይሁንና ጥገኝነት የተሰጠው ሰው የአገሩን ፓስፖርት አሳድሶ ዕቃ ለመሸከፍ ቢመለስ፣ ለምን እንደተመለሰ ሊጠየቅ ስለሚችል አስቀድሞ የሕግ ባለሙያ ማማከሩ ይበጃል።

በአሜሪካ የቋሚ ነዋሪነት መታወቂያ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ በውጭ ለመቆየት ካሰበ፣ ገና ከአሜሪካ ሳይወጣ የመመለሻ ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል። ከስድስት ወር ያለፈ ቆይታም ኋላ ዜግነት ሲጠየቅ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። “ቤቱን እስክሸጥ” ተብሎ የሚራዘም ጊዜ በዚህ ምክንያት አደጋ አለው።

የሌላ አገር ዜግነት የወሰዱ ሰዎች ጉዳይ ከአገር አገር ይለያያል። ኬንያ በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ጥምር ዜግነትን ትፈቅዳለች። የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ግን በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘን ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ይህ ሰው የሚገባው እንደ ውጭ ዜጋ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠው፣ በተለምዶ ‘ቢጫ ካርድ’ የሚባለው የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ ካለው ግን ያለ ቪዛ መግባትና ያለ መኖሪያ ፈቃድ መቆየት ይችላል።

ቀድሞ የሚሸከፈው ወረቀት ነው

ጀበናና ጋቢ ኋላም በዘመድ እጅ ሊላኩ ይችላሉ። የጠፋ ማስረጃን ከባሕር ማዶ ሆኖ ማስወጣት ግን ወራት ይፈጃል። የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የወላጅ ሞት የምስክር ወረቀቶች፣ የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃዎች፣ የልጆች የክትባት ካርድ፣ የመንጃ ፈቃድና የቤት ይዞታ ሰነዶች በመጀመሪያዎቹ ቀናት መሰብሰብ ያለባቸው ለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ ብሔራዊው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው እአአ በነሐሴ 2016 ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ሰዎች በእጃቸው ያለው የክርስትና ካርድ፣ የሆስፒታል ማስረጃ ወይም የቀበሌ ደብዳቤ ብቻ ስለሆነ፣ ውጭ አገር የሚጠየቀውን የልደት የምስክር ወረቀት እዚያው ሳሉ ማውጣት ይጠበቅባቸዋል።

ብዙዎችን የሚያጉላሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ የስም አጻጻፍ ነው። ‘ፀሐይ’ን የመሰለ ስም በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ስለሚጻፍ በፓስፖርትና በዲፕሎማ ላይ ላይመሳሰል ይችላል። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በኢትዮጵያና በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ነው። በትርጉም ላይ አንድ ዓመት ከተሳሳተ ሁለት የልደት ቀን ያለው ሰው ይፈጠራል። እርማቱ የሚቀለው ሰነዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆሞ ሳለ ነው።

ለውጭ አገር የሚፈለግ ሰነድ በተለምዶ ተተርጉሞ፣ ሰነዶችን በሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤትና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፤ እንደ አገሩ ደግሞ የተቀባዩ ኤምባሲ ማኅተም ይጨመርበታል። ዋናው ቅጂ ተመዝግቦ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ መያዝ አለበት።

ሚዛኑ የማያሳየው ክብደት

በብዙ አየር መንገዶች የአንድ ሻንጣ ልክ 23 ኪሎ ነው፤ የርዝመቱ፣ የወርዱና የከፍታው ድምርም ከ158 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይጠየቃል። ከዚህ የተረፈው በአየር ጭነት ወይም በመርከብ ይላካል።

በአየር ጭነት ብዙዎችን የሚያስደነግጠው ስሌት አለ። ክፍያው የሚታሰበው ከእውነተኛው ክብደትና ዕቃው ከሚይዘው ቦታ በሚበልጠው ነው። የቦታው ክብደት የሚገኘው ሦስቱን መጠኖች በሳንቲ ሜትር አባዝቶ፣ በተለመደው አሠራር፣ ለ6,000 በማካፈል ነው። ወርዱም ስፋቱም 60፣ ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር በሆነ ካርቶን የተሸከፈ ሞሶብ ሚዛን ላይ ጥቂት ኪሎ ብቻ ቢመዝን እንኳ የሚያስከፍለው የ48 ኪሎ ነው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሸካፊዎች የሞሶቡን ሆድ በጋቢና በነጠላ ይሞሉታል።

ወደብ ከሌላት ኢትዮጵያ በመርከብ የሚላክ ጓዝ አብዛኛውን ጊዜ በጂቡቲ በኩል ያልፋል። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 33 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል። ይህን የማይሞላ ሰው ከሌሎች ጋር ቦታ ይጋራል፤ ክፍያው ሲቀንስ ጊዜው ይረዝማል። ዕቃው በእንጨት ሳጥን ከታሸገ ጣውላው ተባይ እንዳያዛምት በ56 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለ30 ደቂቃ የታከመና ዓለም አቀፉ ምልክት ያለበት መሆኑ ይፈተሻል። ከሰፈር አናጺ የተሠራ ሳጥን ይህ ምልክት ከሌለው መድረሻው ወደብ ላይ ሊታገድ ይችላል።

አገር የማያስወጣው

በኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትን ይከለክላል። የብራና መጻሕፍት፣ የቆዩ መስቀሎችና ሥዕሎች በቤተሰብ ውርስ የተገኙ ቢሆኑም ከዚህ ውጪ አይደሉም። ጥብቅነቱ ታሪክ አለው። እአአ በ1868 የብሪታኒያ ጦር ከመቅደላ የወሰዳቸው በርካታ ቅርሶች እስካሁን በውጭ ቤተ መዘክሮችና ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ኢትዮጵያም እንዲመለሱላት ስትጠይቅ ኖራለች።

አዲስ ዕቃ ሆኖ የጥንት የሚመስል ነገር የያዘ ሰውም በአውሮፕላን ማረፊያ እንዳይጉላላ አስቀድሞ ለቅርስ ባለሥልጣን አሳይቶ ማረጋገጫ ቢይዝ ይሻላል። የዝሆን ጥርስ አምባር፣ የነብር ወይም የጉሬዛ ቆዳ ደግሞ ከአያት የተወረሰ ቢሆን እንኳ፣ ለአደጋ በተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ ላይ በወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው።

ተቀባይ አገር የማያስገባው

ቤተሰብ በፍቅር የሚቋጥረው ስንቅ አደጋ የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮችም ሆኑ ብሪታኒያ ከአፍሪካ በግል ሻንጣ የሚመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አያስገቡም። ቋንጣና የነጠረ ቅቤ በዚህ ይወድቃሉ። ወደ ኅብረቱ አገሮች ማር ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። እአአ ከታኅሣሥ 2019 ጀምሮ ደግሞ ከጥቂት ፍራፍሬዎች በቀር ትኩስ አትክልት፣ ፍራፍሬና ለዘር የሚሆን እህል የዕፀዋት ጤና የምስክር ወረቀት ይፈልጋሉ።

አሜሪካም አብዛኛውን የሥጋ ውጤት ትከለክላለች። በዚያ ዋናው ደንብ የያዙትን ምግብ ሁሉ ማሳወቅ ነው። ያሳወቀ ሰው ቢበዛ ዕቃው ይወሰድበታል፤ የደበቀ ግን ይቀጣል። ጫት በአሜሪካና እአአ ከሰኔ 2014 ወዲህም በብሪታኒያ የወንጀል ጉዳይ ነው። ለሰው የሚደርስ ተብሎ የተሰጠ፣ ውስጡ ያልታየ ቋጠሮን አለመቀበል ይገባል የሚባለውም ለዚህ ነው።

መንገድም ላይ ደንብ አለ። በኬንያ፣ በታንዛኒያና በሩዋንዳ የፕላስቲክ መያዣ ከረጢት የተከለከለ በመሆኑ፣ በእነዚህ አገሮች ገብቶ የሚያልፍ ተጓዥ ዕቃውን በጨርቅ ወይም በወረቀት ቢጠቀልል ከጣጣ ይድናል።

ዝርዝሩ ለምን ያስፈልጋል?

የሚሸከፈው ሁሉ በዝርዝር መጻፍ አለበት። ብዙ አገሮች መኖሪያውን ለሚያዛውር ሰው ያገለገለ የቤት ዕቃን ከቀረጥ ነጻ ያስገባሉ፤ ነገር ግን ቅድመ ሁኔታ አላቸው። በአውሮፓ ኅብረት ሰውየው ቢያንስ ለ12 ወራት ከኅብረቱ ውጭ የኖረ፣ ዕቃውም ቢያንስ ለስድስት ወራት የተገለገለበት መሆን አለበት። መብቱ የሚሠራውም በመደበኛነት አዲሱ መኖሪያ ከተመሠረተ በኋላ ባሉት 12 ወራት ነው። ከሄደ ከዓመታት በኋላ ለመሸከፍ የሚመለስ ሰው ይህ ጊዜ ሊያልፍበት ይችላል።

በአሜሪካ የቤት ዕቃው በውጭ ቢያንስ ለአንድ ዓመት የተገለገለበት መሆኑ ይታያል። ካናዳ ደግሞ አዲስ ነዋሪ መጀመሪያ ሲገባ የያዘውን ብቻ ሳይሆን ኋላ የሚመጣለትንም ዕቃ እንዲያስመዘግብ ትጠይቃለች። ስለዚህ ለካናዳ ዝርዝሩ የሚዘጋጀው ለመሸከፍ ሲመለሱ ሳይሆን መጀመሪያ ሲወጡ ነው።

የሚቀረውስ?

ከቤቱ አብዛኛው ነገር አይሄድም። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ምጣዱና መጻሕፍቱ ይሸጣሉ ወይም ይታደላሉ። እዚህ ላይ ሕግ ሳይሆን ቤተሰብ ይዳኛል። የእናትን ቀሚስ ማን ይውሰድ? የአባት ጠረጴዛ ለማን ይድረስ? ቀድሞ የተመለሰ ልጅ ወንድምና እህቶቹን ሳያማክር ያከፋፈለው ዕቃ፣ ዋጋው ትንሽ ቢሆንም፣ ለዓመታት የሚዘልቅ ቅሬታ ሊተው ይችላል። የማይከፈለው የፎቶ አልበም በስልክ ተነሥቶ ለሁሉም ሊደርስ ይችላል። በዕድሜ የገፉ ዘመዶችን ድምፅ መቅዳትም ኪሎ አይጨምርም።

በመጨረሻ የሚቀረው የቁልፉ ጉዳይ ነው። ቤቱን የሚጠብቀው፣ ኪራይ የሚቀበለው፣ ግብር የሚከፍለው ሰው በቃል አደራ ብቻ ከተተወ ኋላ ክርክር ይነሳል። በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት የሚሰጥ ውክልና ማድረግ የሚችለውንና የማይችለውን ነጥሎ ሊያሰፍር ይገባል። መሸጥንና መለወጥን የሚያካትት ሙሉ ውክልና ከአስተዳደር ውክልና የተለየ ነው። መመለስ የማይችል ሰውም በሚኖርበት አገር ባለው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ውክልና መስጠት ይችላል።

ተመላሹ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሲያመራ ሻንጣው ውስጥ ያለው ከቤቱ ጥቂቱ ነው። የቀረው በዘመድ ቤት፣ በጎረቤት ማዕድ ቤት፣ በውክልና ወረቀት ላይ ይኖራል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ እንደ ባለቤት ሳይሆን እንደ እንግዳ የሚያርፍ ከሆነም፣ ያን ቀን በሩን የሚከፍትለት ቁልፉን በአደራ የተረከበው ሰው ነው።