ትንፋሽና የማይለቅ ሕመም

ደባርቅ ገበያ ሸክሟን አውርዳ ወገቧን የያዘች ሴት ምን እንደሆነች ብትጠየቅ «ወገቤን ቆረጠኝ» ትላለች። ጉልበታቸውን እያሹ የተቀመጡ አባት ደግሞ «ይጠዘጥዘኛል» ይላሉ። ራስን ይፈልጣል፣ ጎንን ይወጋል፣ መገጣጠሚያን ይቆረጥማል፣ እግርን ይለበልባል። በእነዚህ አባባሎች ሁሉ አድራጊው ሕመሙ ነው፤ ሰውየው ተደራጊ ነው። ሕመም መጥቶ የሚይዝ፣ ይዞም የሚለቅ ሌላ አካል ሆኖ ይነገራል። ስለ ተመስጦ (ሜዲቴሽን) እና ስለ ሕመም የተሠሩ ጥናቶችን ሳነብ ደጋግሞ የመጣብኝ ይህ ሰዋስው ነው። ተመስጦ ለታማሚ የሚያስተምረው ዋናው ነገርም ይኸው ነውና፦ ሕመሙ አለ፣ እኔም አለሁ፣ ሁለታችን ግን አንድ አይደለንም።

ካናዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮናልድ ሜልዛክ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው የሕመም መጠይቅ 78 ገላጭ ቃላትን በ20 ምድብ ከፍሏል። «ያምሃል?» ከሚለው ይልቅ «እንዴት አድርጎ ያምሃል?» የሚለው ጥያቄ ለሐኪም ብዙ ይነግረዋል። ሜልዛክ ከዚያ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1965፣ ከእንግሊዛዊው ፓትሪክ ዎል ጋር የሕመምን ሳይንስ የለወጠ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሕመም ከተጎዳው ቦታ ተነሥቶ በቀጥታ አንጎል የሚገባ መልእክት አይደለም፤ ኅብለ ሰረሰር ላይ በር አለ አሉ። በሩን ከሚያጠቡት አንዱ ንክኪ ነው። እንቅፋት የመታው ልጅ ጣቱን የሚያሸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሌላው ከላይ፣ ከአንጎል የሚወርድ ትእዛዝ ነው። ፍርሃት፣ ትኩረት፣ ትዝታ፣ ሁሉም በሩን ሊከፍቱትም ሊያጠቡትም ይችላሉ። የበሩ ዝርዝር አሠራር በኋላ ብዙ ታርሟል፤ አንጎል ሕመምን ከላይ ይቆጣጠራል የሚለው ሐሳብ ግን ጸንቷል።

ከ3 ወር በላይ የቆየ ሕመም ሐኪሞች ሥር የሰደደ ይሉታል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ጅብ የመጣበት ሌሊት ውሻ ይጮኻል፤ ጅቡ ከሄደ በኋላም ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይጮኻል፣ ነፋስ ሲነፍስ ይጮኻል። ሕመም ሲከርምም ነርቮች እንዲሁ ንቁ ይሆናሉ። ቁስሉ ድኖ እንኳ ጩኸቱ ሊቀጥል ይችላል። ይህ ማለት ሕመሙ የውሸት ነው ማለት አይደለም። «ምንም የለብሽም» ተብላ ከሐኪም ቤት የተመለሰች ሴት ሕመሟ እውነተኛ ነው፤ የሚጮኸው ውሻም እውነተኛ ነው።

ታዲያ ትንፋሽ ለዚህ ምን ያደርጋል? የልብ ምት በራሳችን ትእዛዝ አይዘገይም፣ የደም ግፊትም እንዲሁ። ትንፋሽ ግን በራሱም ይሄዳል፣ ስንፈልግም እንይዘዋለን። አየር ስናስገባ ልብ ትንሽ ይፈጥናል፤ ስናስወጣ ቬገስ የተባለው ነርቭ ያዘገየዋል። ስለዚህ ረጅም አወጣጥ አካልን ወደ ዕረፍት ይመራል። «እፎይ» የምንለው አየር ስናስወጣ እንጂ ስናስገባ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ በአንጎል ግንድ የትንፋሽ ማዕከል ውስጥ ያሉ የተወሰኑ ሴሎች ስለ ትንፋሹ ሁኔታ ለንቃት ማዕከሉ እንደሚያስተላልፉ አሳየ። ሴሎቹ ሲወገዱ አይጦቹ ረጋ አሉ።

ትንፋሽን የሚያረጋጋ ልማድ በጸሎትም አለ። እኔን እዚህ የሚስበኝ ስሜን ውስጥ ባለችው ደረስጌ ማርያምም ሆነ በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት እስከ ዛሬ የሚሰማው፣ መቁጠሪያ ተይዞ 41 ጊዜ የሚደገመው ጸሎት ነው። ጣሊያናዊው ሉቺያኖ በርናርዲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 በ23 ጤነኛ ሰዎች ላይ ባደረጉት ጥናት የካቶሊኮች የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን ሲደገም ትንፋሽን በደቂቃ ወደ 6 ገደማ ያወርደዋል። ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ለአማኝ ጸሎት የትንፋሽ ልምምድ አይደለም፣ እንደዚያም ማሳነስ አልፈልግም። ሥጋው ግን ነፍስ ስትጸልይ አብሮ ይረጋል።

ስለ ትንፋሽ ከተነሣ ስሜንን ማለፍ አይቻልም። ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት እዚያው ስሜን ውስጥ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያን ደገኞችን መርምረው ነበር። በአማካይ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ የሂሞግሎቢናቸው መጠንም በቆላ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም ነበር። አየር በሳሳበት ደጋ እንዲህ መኖር የትውልዶች ሀብት ነው። ከቆላ የወጣ እንግዳ ግን ትንፋሹን አምቆ መያዝ የለበትም፤ ዝግ ማድረጉ ይበቃዋል።

ተመስጦን ወደ ሆስፒታል ያስገባው አሜሪካዊው ጆን ካባት-ዚን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የተመስጦ ሥልጠና ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ትልቅ ጥናት ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 342 ሰዎች በዕጣ ከፋፍሎ ተከታተለ። ከ26 ሳምንት በኋላ ሥልጠናውን ከወሰዱት 60.5 በመቶው የዕለት ሥራቸውን በማከናወን በኩል ጉልህ መሻሻል አሳዩ፤ በተለመደው ሕክምና ብቻ ከቀጠሉት 44.1 በመቶው። ተአምር አይደለም። በሦስተኛው ምድብ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና የወሰዱትም 57.7 በመቶ ደርሰዋል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ተመራማሪው ፋደል ዘይዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ጥናት ነው። 15 ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ለ4 ቀን፣ በቀን 20 ደቂቃ ትንፋሻቸውን መከታተል ተማሩ። ከዚያ ቆዳቸው ላይ የሚያሳምም ሙቀት ተደረገ። የሕመሙ ኃይል በ40 በመቶ ቀነሰ፤ የሕመሙ አስመራሪነት ግን በ57 በመቶ። ሁለቱ አንድ አይደሉም ማለት ነው። መቆረጡ ሌላ ነው፣ «አሁንስ በቃኝ፣ ከዚህ በኋላ ማረስም መሸከምም አልችልም» የሚያሰኘው ምሬት ሌላ ነው። ትንፋሽ ይበልጥ የሚደርሰው ወደ ሁለተኛው ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። መደብ ላይ መቀመጥ ወይም መጋደም፣ እጅን ሆድ ላይ ማሳረፍ፣ እስከ 4 እየቆጠሩ በአፍንጫ ማስገባት፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ማስወጣት። ሕመሙ ሲመጣ ሳይሸሹት ስም መስጠት፦ አሁን ይወጋል፣ አሁን ይለበልባል፣ አሁን ትንሽ ላላ አለ። ሐሳብ ሲሄድ ራስን ሳይቆጡ ወደ ትንፋሽ መመለስ። ያዞረው ሰው ይተወውና እንደ ወትሮው ይተንፍስ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ አይሰማም፤ ብዙ ሰው የሚተወውም ያኔ ነው።

ሆኖም ምርመራን አይተካም። የወገብ ሕመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብ ወይም ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ የአከርካሪ ነቀርሳ (ቲቢ) ሊሆን ይችላልና ሐኪም ማየት ግድ ነው። እግር ከዛለ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ደግሞ በዚያው ቀን ነው መሄድ። መድኃኒት የታዘዘለትም በራሱ አያቋርጥ።

አንድ ሌላ ጥንቃቄ አለ፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነት የደባርቅ ጎረቤት እስከሆነው ደባት ወረዳ ድረስ በገባበት አገር ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ዓይንን ጨፍኖ ወደ ውስጥ ማየት ለአንዳንዱ ሰው ያየውን መልሶ ያመጣበታል። እንዲህ ያለ ሰው ዓይኑን አይጨፍን። ቡና ሲፈላ ከምድጃው አጠገብ ይቀመጥ፣ ፍሙን ይመልከት፣ ሰው አብሮት ይሁን፤ ትንፋሹንም ጀበናው እስኪገነፍል ድረስ ብቻ ይቁጠር።